አንዴ በ15፣ አንዴ በ25 ሜትር የሚመጣ የአረም መስመር፦ የአውሮፕላን ርጭት ወጥነት እንዴት ይለካል?

ሰላም_ሜክሲኮ · ሰኞ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮዬ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው፣ እርሻችን ግን አፋር ቆላ ውስጥ ነው፤ በመስኖ ስንዴ እናለማለን። ዘንድሮ የአረም ማጥፊያውን በአውሮፕላን አስረጨን። ውሉ በሄክታር 30 ሊትር ድብልቅ ይላል፤ ከታንኩ የወጣው ለተረጨው ሄክታር ሲካፈልም 30 ሊትር ነው። በወረቀት ላይ ምንም ጉድለት የለም።

ሰንብቶ ግን ማሳው ላይ አረም በመስመር በመስመር ወጣ። አውሮፕላኑ የበረረባቸው መስመሮች በጂፒኤስ ተመዝግበዋል፤ በየ20 ሜትሩ ናቸው፣ ዝንፍ አላሉም። የአረሙ መስመሮች ግን በየ20 ሜትሩ አይደሉም። በሜትር ስንለካቸው 15፣ ቀጥሎ 25፣ እንደገና 15፣ እንደገና 25 እያሉ ይሄዳሉ።

የርጭት ድርጅቱ (ስሙ ይቅር) «ነፋስ ነው» ይላል። እኛ ቤት ደግሞ «አብራሪው ነው» የሚሉ አሉ። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ለሚቀጥለው ርጭት ውል ከመፈራረማችን በፊት ስርጭቱ ይለካልን ማለት እፈልጋለሁ። በምን ይለካል? ስንት ሲሆን ነው ጥሩ የሚባለው? ለመለኪያ የሚሆነውስ ዕቃ እዚህ መሀል ከተማ ይገኛል?

አብራሪ_ቆላ · ሰኞ ከምሽቱ 2:41

ከመፍረድ በፊት ሁለት ነገር ንገሪን። አውሮፕላኑ የሠራው ሄዶ ዞሮ ጎን ለጎን እየተመለሰ ነው ወይስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየዞረ? ደግሞ የጂፒኤሱን መስመር ከአረሙ መስመር ጋር ደርባችሁ ስታዩት አረሙ የት ላይ ነው የሚወድቀው? በሁለት በረራዎች መሀል ነው ወይስ ወደ አንዱ ተጠግቶ?

ሰላም_ሜክሲኮ · ሰኞ ከምሽቱ 3:20

ሄዶ መመለስ ነው፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ቀጣዩ ወደ ደቡብ። ካርታውን አሁን ደርቤ አየሁት። አረሙ በበረራዎቹ መሀል አይደለም። ከበረራው መስመር ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ወጣ ብሎ ነው፣ ሁልጊዜም በአብራሪው ቀኝ በኩል። ማሳው ላይ ያለው ልጅ ፎቶ ልኮልኛል፤ በግራ በኩል በዚያው ርቀት ስንዴው ራሱ ገርጥቷል።

ጋሽ_እሸት · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1:05

ልጄ፣ መልሱን አንቺው ጽፈሽዋል። ነፋስም አይደለም፣ አብራሪውም አይደለም። ፕሮፔለሩ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ አየር መንገዳችን እዚሁ አዲስ አበባ አግ-ካት የሚባሉትን ባለ ድርብ ክንፍ የርጭት አውሮፕላኖች ሲገጣጥም «እሸት» ተብለው ነበር፤ ስሜን የወሰድኩት ከዚያ ነው። ክንፉ ሥር የሚዘረጋውን የርጭት ቱቦና እሱ ላይ የሚደረደሩትን ኖዝሎች (ጠብታ የሚያወጡትን አፎች) ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራልሽ።

ከአብራሪው ወንበር ሲታይ ፕሮፔለሩ ወደ ቀኝ ነው የሚሽከረከረው። የሚገፋው አየርም እየተጠመዘዘ በሆዱ ሥር ያልፋል፤ ከሆዱ በስተቀኝ ካሉት ኖዝሎች የወጣውን ጠብታ ጠራርጎ ወደ ግራ ይወስደዋል። ስለዚህ በቀኝ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ጉድለት፣ በግራ በዚያው ልክ ክምችት። የእናንተ አረም በቀኝ፣ የገረጣው ስንዴ በግራ መሆኑ ይኸው ነው።

አሁን 15 እና 25 ከየት እንደመጣ ተመልከቺ። የመጀመሪያው በረራ ዜሮ ላይ ነው እንበል፣ ወደ ሰሜን። ቀኙ ምሥራቅ ነውና ጉድለቱ 2.5 ሜትር ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው 20 ሜትር ላይ ነው፣ ወደ ደቡብ። አሁን ቀኙ ምዕራብ ነው፤ ጉድለቱ 17.5 ላይ። በሁለቱ መካከል 15 ሜትር። ሦስተኛው 40 ላይ እንደገና ወደ ሰሜን፤ ጉድለቱ 42.5 ላይ። ከ17.5 እስከ 42.5 ደግሞ 25 ሜትር። ነፋስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ተሰልቶ አይመጣም።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢዞር ኖሮ አረሙ ድፍን በየ20 ሜትሩ ይወጣ ነበር፤ ያኔ «የርጭቱ ስፋት (በአንድ በረራ የሚሸፈነው ወርድ) በዝቷል» ብላችሁ በሌላ ነገር ትደክሙ ነበር። አረሙ በሁለት በረራዎች ልክ መሀል በየ40 ሜትሩ ቢወጣ ደግሞ የቀኙ ክንፍ ጫፍ አጥሯል ወይም እዚያ ያሉ ኖዝሎች ተደፍነዋል ማለት ነው፤ ሄዶ መመለስ ላይ ቀኝ ከቀኝ፣ ግራ ከግራ ነው የሚገናኘው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ከሆዱ በስተቀኝ ኖዝል ይጨመራል ወይም ካለበት ይሸጋሸጋል፣ በስተግራ ይቀነሳል። ስንት ኖዝል፣ የት ላይ የሚለውን ግን ማንም በአፍ ሊነግርሽ አይችልም። አንድ አውሮፕላን ከሌላው ይለያል፤ አንድ ዓይነት ሞዴል ሆነውም ይለያያሉ። ለዚህ ነው መለካት የሚያስፈልገው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ነፋስ ሳይነሳ፣ ንጋት ላይ። የጥጥ ክር ከበረራው መስመር ጋር መስቀልኛ ሆኖ በሁለት ቋሚ መካከል ይወጠራል፤ ለ20 ሜትር ስፋት ከ30 ሜትር ያላነሰ ክር፣ ቢረዝም ይሻላል። ታንኩ ውስጥ ውሃና የሚያበራ ቀለም ይጨመራል። አውሮፕላኑ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ፣ ማሳ ላይ በሚበርበት ከፍታና ፍጥነት፣ የክሩን መሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ኖዝሉ ክሩ ጋ ሲደርስ መከፈት የለበትም፤ ቀደም ብሎ ተከፍቶ ካለፈም በኋላ ትንሽ መቆየት አለበት። ከዚያ ክሩ ተጠቅልሎ ፍሎሮሜትር (የሚያበራ ቀለምን የሚለካ መሣሪያ) ውስጥ ሲያልፍ በየቦታው ስንት ቀለም እንዳረፈ በመስመር ይስልልሻል። ጉብታውም ጎድጓዳውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአሜሪካ የርጭት አብራሪዎች ማኅበር ኦፕሬሽን ሴፍ በሚለው መርሐ ግብሩ አብራሪዎችን አንድ ሜዳ ላይ እየሰበሰበ በዚሁ ዘዴ ይፈትሻል፤ መለኪያው ኤስ386 የሚባለው የግብርና መሐንዲሶች ደረጃ ነው።

አንድ በረራ አይበቃም። ቢያንስ ሦስት፣ ከዚያ አማካይ። ነፋሱ ከበረራው አቅጣጫ ከ15 ዲግሪ በላይ ከዞረ ያንን በረራ ጣሉት።

ሰላም_ሜክሲኮ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:30

ጋሽዬ እግዜር ይስጥልኝ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሠርቼ አየሁት፣ ልክ ነው። አሁን ለአለቆቼ የማሳየው ነገር አገኘሁ። ግን «ጥሩ ነው» ለማለት ከግራፉ ምን እናነባለን?

ቁጥር_ወዳድ · ማክሰኞ ከቀኑ 6:48

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የአንዱን በረራ ግራፍ ብቻ አይቶ ይፈርዳል። የአንድ በረራ ግራፍ ጠፍጣፋ መሆን የለበትም። እንዲያውም ጫፎቹ ቀስ እያሉ ቢወርዱ ይመረጣል፤ ጫፉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ አብራሪው አንድ ሜትር በሳተ ቁጥር ወይ ባዶ ወይ እጥፍ ይሆናል። ሊለካ የሚገባው ጎረቤት በረራዎች ከተደራረቡ በኋላ የሚገኘው ድምር ነው።

ስለዚህ አማካዩን ግራፍ ወስዳችሁ በኮምፒውተር ራሱ ላይ ትደራርቡታላችሁ፦ በ15 ሜትር፣ በ16፣ በ17 እያላችሁ። ለእያንዳንዱ ሁለት ጊዜ፦ አንዴ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ አንዴ እየተገለበጠ ለሄዶ መመለስ። ከድምሩ ላይ መደበኛ ልይይቱን ለአማካዩ ታካፍላላችሁ፣ በመቶ ታባዛላችሁ። ይኸው ነው ሲቪ የሚባለው፤ ባነሰ ቁጥር ርጭቱ ወጥ ነው።

ለምሳሌ ከተደራረበ በኋላ አምስት ቦታ ላይ 10፣ 12፣ 8፣ 11፣ 9 ብታገኙ አማካዩ 10 ነው። ልይይቶቹ 0፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1፤ ካሬያቸው ሲደመር 10፤ ለ4 ሲካፈል 2.5፤ ስኩዌር ሩቱ 1.58። ሲቪው 15.8 በመቶ ማለት ነው። ለፈሳሽ ርጭት በተለምዶ ከ15 በመቶ በታች ይጠየቃል፣ ስለዚህ ይህ ለጥቂት ወድቋል። ለዘርና ለደረቅ ማዳበሪያ እስከ 25 ይፈቀዳል።

የርጭት ስፋት የሚመረጠውም ከዚህ ነው። ሲቪው በሁለቱም አበራረር ከ15 ሳይበልጥ የሚገኘው ትልቁ ስፋት የዚያ አውሮፕላን ስፋት ነው። ካታሎግ ላይ የተጻፈው አይደለም፣ ባለቤቱ «በ20 ነው የምሠራው» ያለውም አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ። ፈተናው 20 ሜትሩን አውርዶ 17 ቢያደርገው የሚፈሰው መጠንም መቀነስ አለበት። ሒሳቡ፦ ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት × ስፋት በሜትር × ሊትር በሄክታር ÷ 600 = ሊትር በደቂቃ። በ200 ኪሎ ሜትር፣ በ20 ሜትር፣ በ30 ሊትር 200 ሊትር በደቂቃ ይወጣል። በ17 ሜትር 170 ነው። ፍሰቱን ሳትነኩ መስመሩን ብቻ ካጠበባችሁ በሄክታር ከ35 ሊትር በላይ ታፈሳላችሁ። ስንዴው ይጎዳል፣ ገንዘቡም ይባክናል።

ላብ_አራት_ኪሎ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:15

ዕቃውን በተመለከተ፦ ክር የሚያነብ ፍሎሮሜትር ከውጭ ማዘዝ ውድ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል። እዚሁ በሚገኝ ነገር ግን ጥሩ ሥራ ይሠራል።

ታርትራዚን የሚባለው ቢጫ የምግብ ቀለም ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ የተለመደ ነው። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ በደንብ ይሟሟል። በበረራው መስመር ላይ መስቀልኛ በየግማሽ ሜትሩ ወይም በየሜትሩ ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሳህን) ትደረድራላችሁ። ካለፈ በኋላ እያንዳንዱን ከድናችሁ፣ ቁጥር ጽፋችሁ ታመጣላችሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ በተለካ ውሃ ታጥቦ በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ መሣሪያ) በ425 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ አካባቢ ይነበባል። ይህ መሣሪያ ብርቅ አይደለም፤ የኬሚስትሪ ክፍል ያለበት ሁሉ አለ። ከታንኩ ራሱ ናሙና መውሰድ አትርሱ፤ ያለ እሱ ንባቡን ወደ ሊትር በሄክታር መመለስ አይቻልም። ርጭት ያልነካው ንጹሕ ዲሽም አብሮ ይምጣ፣ አቧራው ራሱ ያሳስታልና።

በሚያበራ ቀለም የምትሠሩ ከሆነ ክሩን ፀሐይ ላይ አታቆዩት። ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል፤ መጀመሪያ የተሰበሰበው ጫፍ ከመጨረሻው ጋር አይወዳደርም። ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይግባ።

መርካቶ_ክር · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:40

ክሩ መርካቶ ሞልቷል። ንጹሕ ጥጥ መሆኑን አረጋግጡ፤ ናይለን የተቀላቀለበት ውሃ አይመጥም፣ ጠብታው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ያልተነከረ ነጭ ጠይቁ።

ካርድ_ይሻላል · ረቡዕ ከጠዋቱ 3:00

ለምን ይህን ሁሉ ድካም? ውሃ ሲነካው ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የሚለወጠው ወረቀት አለ፤ 26 በ76 ሚሊ ሜትር ካርድ። በየሜትሩ ታስቀምጣላችሁ፣ ብሔራዊ አካባቢ አንዱ ማተሚያ ቤት ስካን ታደርጋላችሁ፣ ዲፖዚትስካን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተሸፈነውን በመቶኛ ያወጣላችኋል። ማሳው ላይ ቆማችሁ በዓይንም ታዩታላችሁ፤ ገበሬውም፣ አለቃም ይረዳዋል። ክር ላይ ያለ ቀለም ለማን ይታያል?

ላብ_አራት_ኪሎ · ረቡዕ ከጠዋቱ 4:22

ካርዱን አልጠላም፤ የጠብታ ብዛትና ግምታዊ ስፋት ለማየት የሚስተካከለው የለም። ለወጥነት ግን ሦስት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ጠብታው ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ይሰፋል፤ የሚታየው እድፍ ከጠብታው ይበልጣል፣ የተሸፈነው ስፋትም ከፈሳሹ መጠን ጋር ቀጥታ አይሄድም። ሁለተኛ፣ ጠብታው ሲበዛ እድፎቹ ይጋጠማሉ፤ ክምችት ያለበት ቦታ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይነበባል። የሰላም ማሳ ችግር ደግሞ ግማሹ የግራ ክምችቱ ነው። ሦስተኛ፣ የምትለኩት ንጋት ላይ ነው፤ ጤዛ ካለ ካርዱ ሳይረጭም ሰማያዊ ይሆናል። እርጥብ ጣትም ያበላሸዋል፤ ጓንት አድርጉ።

ጋሽ_እሸት · ረቡዕ ከቀኑ 7:10

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ክርም የራሱ ጠባይ አለው። ቀጭን ስለሆነ ደቃቅ ጠብታን አጥምዶ ይይዛል፤ መሬት ላይ የተጋደመ ካርድ ደግሞ ከባዱን ይቀበላል፣ ደቃቁ በላዩ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ የክርና የካርድ ግራፍ ባይገጥም አትደንግጡ። የክሩ ትልቅ ጥቅሙ አለመቋረጡ ነው። ፕሮፔለሩ የሚተወው ጎድጓዳ አንዳንዴ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በየሜትሩ ካርድ ብታስቀምጡ በሁለት ካርዶች መካከል ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። እኔ ብሆን ክር እወጥራለሁ፣ ከሥሩ ጥቂት ካርድ አስቀምጣለሁ።

ካርድ_ይሻላል · ረቡዕ ከቀኑ 7:32

ጋሼ ስለ ሾለከው ጎድጓዳ ያሉት አሳምኖኛል። ካርድ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ከሆዱ ግራና ቀኝ ባለው አምስት ሜትር ውስጥ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ያጠጋጋ።

የአንበጣ_ዘመቻ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:05

ይህን የምታነቡ የአንበጣ ሠራተኞች ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ዘዴ እንዳለ ገልብጣችሁ አትውሰዱ። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተቋቋመበት ስምምነት እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ በ2012 ዓ.ም. መንጋው ሲገባ ግን ከአዳዲሶቹ ሠራተኞች ብዙዎቹ ርጭትን የሚያውቁት ከእርሻ ነበር።

ለአንበጣ የሚረጨው በዘይት የተበጀ፣ በሄክታር አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ነው። ጠብታው ከ50 እስከ 100 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው፤ ማይክሮኔር በሚባለው ተሽከርካሪ መርጫ ይወጣል። አውሮፕላኑ ነፋሱን ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ነፋሱን አግድሞ፣ 10 ሜትር አካባቢ ከፍ ብሎ፣ በየ100 ሜትሩ ይመላለሳል። ጠብታውን የሚያሰራጨው ነፋሱ ራሱ ነው። ሰላም የምትለካው ጠብታ እንዳይንሳፈፍ ነው የሚፈለገው፤ የእኛ ደግሞ ካልተንሳፈፈ ሥራው የለም።

ስለዚህ 30 ሜትር ክር ለእኛ ምንም አያሳይም። ናሙናው በነፋሱ አቅጣጫ በመቶ ሜትሮች ይዘረጋል፤ ከፍ ያለው መጠን ቅርብ ይወርድና ረጅም ጅራት ይዞ ይሄዳል፣ ወጥነቱ የሚገኘው ብዙ በረራዎች ጅራት በጅራት ላይ ሲደራረቡ ነው። የውሃው ካርድ ዘይትን አያይም፤ ዘይት የሚለይ ሌላ ወረቀት አለ። በሒሳቡ በ180 ኪሎ ሜትር፣ በ100 ሜትር፣ በ1 ሊትር 30 ሊትር በደቂቃ ነው የሚወጣው።

ድሮን_ካዛንቺስ · ሐሙስ ከጠዋቱ 3:47

ለርጭት ድሮንስ? ሻጮቹ ስፋቱ ይህን ያህል ነው ብለው ነው የሚሸጡልን።

ቁጥር_ወዳድ · ሐሙስ ከጠዋቱ 4:15

ያው ነው፣ ሳትለካ አትመን። የድሮን ስርጭት ከአውሮፕላን የባሰ ይለዋወጣል፤ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ከሮተሮቹ የሚወርደው አየርም በከፍታና በፍጥነት ስለሚቀያየር። ቀስ ሲል አየሩ ጠብታውን ቀጥታ ወደ ታች ይደፋዋል፣ ፍጥነት ሲጨምር ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ሁለቱ የተለያየ ግራፍ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ በምትሠራበት ከፍታና ፍጥነት ለካ፣ ከሦስት በረራም አብዛ።

አብራሪ_ቆላ · ሐሙስ ከምሽቱ 12:50

ከአርሲና ከባሌ ለሚያነቡ አንድ ነገር ልጨምር። ፈተናው ቆላ ላይ ተሠርቶ ሥራው ደጋ ላይ ከሆነ ውጤቱ እንዳለ አይሠራም። 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ በእውነቱ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይሄዳል። ከኖዝሉ የወጣው ፈሳሽ የሚገጥመው አየር ሲፈጥን ጠብታው ይደቅቃል፣ ደቃቅ ጠብታ ደግሞ በነፋስ ይሄዳል። በዚያ ላይ በአንድ ሄክታር የሚወርደው ሊትር ያንሳል። ፍሰቱን በጂፒኤስ ፍጥነት አስሉት።

ሰላም፣ ሌላም ነገር ጠይቂያቸው፦ የርጭት ቱቦው ከክንፉ ርዝመት ስንት እጅ ነው? ከሦስት አራተኛ ከበለጠ በክንፉ ጫፍ የሚጠመዘዘው አየር የዳሩን ጠብታ አንስቶ ይወስደዋል። ይህ በኖዝል ማሸጋሸግ አይስተካከልም፣ ቱቦው ማጠር አለበት።

ሰላም_ሜክሲኮ · ዓርብ ከቀኑ 9:30

አለቆቼ ጋ ገባሁ። የጋሽ እሸትን የ2.5፣ የ17.5 እና የ42.5 ሒሳብ ካርታው ላይ አድርጌ ሳሳያቸው ክርክሩ እዚያው አለቀ። የርጭት ድርጅቱም በስልክ ሲነገረው «እንለካለን» ብሏል። ረቂቁ ላይ ያስገባሁት ይህ ነው፤ የጎደለ ካለ ንገሩኝ፦

ከርጭቱ በፊት ለሥራው በሚመጣው አውሮፕላን ላይ የስርጭት ፈተና ይደረጋል፤ ቢያንስ ሦስት በረራ፣ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ። በሄዶ መመለስ ተደራርቦ ሲቪው ከ15 በመቶ መብለጥ የለበትም። የርጭቱ ስፋት ከፈተናው የሚገኘው ይሆናል። ክፍያው በሄክታር እንጂ በበረራ ቁጥር አይደለም፤ ስፋቱ ቢጠብ ተጨማሪውን የነዳጅ ወጪ ሁለታችን እንካፈላለን።

የመጨረሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስፋቱ መጥበቡ ድርጅቱን ብቻ ከጎዳው ፈተናውን በሙሉ ልብ አይሠሩትም ብዬ ነው።

ጋሽ_እሸት · ዓርብ ከምሽቱ 1:22

የመጨረሻው አንቀጽ ጥሩ ነው፣ እንዳታወጪው።

ሁለት ነገር ጨምሪበት። ፈተናው የሚሠራው ማሳ ላይ በሚገጠሙት ኖዝሎች፣ በዚያው ግፊትና በዚያው ከፍታ፣ ከሰብሉ በላይ ሦስት አራት ሜትር ላይ ይሁን። ከአረም ማጥፊያው ጋር የምትቀላቅሉት ማጣበቂያ ካለ ውሃው ውስጥ ይግባ፤ ጠብታውን ይለውጠዋልና።

ሁለተኛ፣ ከፈተናው በኋላ እያንዳንዱ ኖዝል ያለበት ቦታ ከሆዱ መሀል ጀምሮ በሳንቲ ሜትር ተለክቶ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አውሮፕላኑ ከእናንተ ማሳ በፊት ሌላ ቦታ ሄዶ ኖዝሉ ቢፈታ፣ ሲመለስ የሚገጠመው በዚያ ወረቀት ነው። ርጭቱ ሊጀመር ሲል ልጁ ሜትር ይዞ ከአውሮፕላኑ ሥር ይግባና ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር።